«ለምንድን ነው?» ሲባጎና ገመድን ለይቶ የመጠቀም መመሪያ

የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገብቶ «ገመድ አለ?» ለሚል ሰው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሱቅ ወዲያው ዋጋ አይነግረውም። «ለምንድን ነው ጋሼ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙዎቻችን ጥያቄው ግር ይለናል። ገመድ ለማሰር ነው እንጂ ሌላ ለምን ይሆናል? ባለሱቁ ግን የሚታሰረውን ነገር ማወቅ ፈልጎ ነው። የጤፍ ጆንያ አፍ ነው ወይስ ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ቁም ሣጥን? የቲማቲም ችግኝ ነው ወይስ ወይፈን? እንደ መልሱ እጁ ወደ ሲባጎው ልቃቂት ወይም ወደ ገመዱ ጥቅል ይሄዳል።

እኔ ይህን ጥያቄ ንቄ ነው የተማርኩት። ቤት ስቀይር የስፖንጅ ፍራሽ መኪና ላይ በሲባጎ አሰርኩ። አራት ጊዜ ስላዞርኩት ከገመድ የሚያንስ አልመሰለኝም። ቀለበት መንገድ ገብቼ ፍጥነት ስጨምር ነፋሱ ከፍራሹ ሥር ገባና አንዱ ሲባጎ ጧ ብሎ ተበጠሰ። የቀሩት ሦስቱ ተራ በተራ ተከተሉት። ፍራሹን ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ አወጣሁት። ከኋላዬ ሞተር ሳይክል ያልነበረው በዕድል እንጂ በእኔ ጥንቃቄ አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከማሰሬ በፊት «ለምንድን ነው?» እላለሁ።

ጥያቄውን ለመመለስ አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ሲባጎ ነገሮችን ይሰበስባል፣ ሥራው ሲያልቅም ተቆርጦ ይጣላል። ገመድ ክብደት ይሸከማል፣ ሥራው ሲያልቅም ተፈትቶ ይጠቀለላል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

1. መጀመሪያ ፈትተው ይዩት

ስንዝር የምታህል የቃጫ ገመድ ቁራጭ ይፈልጉ። ሁለቱን ጫፎች ይዘው፣ ገመዱ ከተጠመዘዘበት በተቃራኒ ያዙሩት። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሦስት ግምዶች ይለያያል። አንዱን ግምድ ነጥለው እንደገና በተቃራኒው ሲያዞሩት ብዙ ቀጫጭን ፈትሎች ይወጣሉ። ከፈትሎቹ አንዱን ቢፈቱት ደግሞ እጅዎ ላይ የሚቀረው ፀጉር የመሰለ የቃጫ ጭረት ነው።

አሁን አቅጣጫውን ልብ ይበሉ። ፈትሉ ወደ ቀኝ ከተጠመዘዘ ግምዱ ወደ ግራ፣ ገመዱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቀኝ ነው የተጠመዘዘው። የገመድ ብልሃቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ግምዱ ልፈታ ሲል ገመዱን ያከርረዋል፤ ገመዱ ልፈታ ሲል ደግሞ ግምዱን ያከርረዋል። አንዱ ሌላውን ስለሚቆልፈው ያለ ሙጫና ያለ ስፌት ተያይዘው ይኖራሉ። ስሙም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው፤ ገመደ፣ ገመድ።

ሲባጎውን በተመሳሳይ መንገድ ይፍቱት። በቀጥታ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ፈትል ይከፈልና እዚያው ያበቃል፤ የመካከለኛው ደረጃ የለውም። ስሙ ስፓጎ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በዚያም ትርጉሙ ይኸው ቀጭን ማሰሪያ ነው። በንግዱ ልማድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንደ ድንበር ይቆጠራል፤ ከዚያ የቀጠነው ሲባጎ፣ ከዚያ የወፈረው ገመድ ነው። ድንበሩ ግን ቁርጥ ያለ አይደለም። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ገመድም አለ፤ እርሱ ላዩ ልብስ፣ ውስጡ ደግሞ ቀጥ ያሉ ክሮች ሊሆን ይችላል።

የእኔ አራት ዙር ሲባጎ ለምን እንደከዳኝ አሁን ግልጽ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጎን ለጎን መቆም ግን ማበር አይደለም። አራቱ ዙሮች እኩል ስላልተወጠሩ፣ ሸክሙ ሁሉ ያረፈው ይበልጥ በከረረው ላይ ነበር። እርሱ ሲበጠስ ሸክሙ ወደ ቀጣዩ ዞረ። በገመድ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ፈትሎች ተጠማዝዘው ስለተያያዙ ሸክሙን ይካፈሉታል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ያውቁበታል።

2. ሦስት ጥያቄዎችን ራስዎን ይጠይቁ

ቢበጠስ ምን ይሆናል? መልሱ «ጋዜጣው ይበተናል» ከሆነ ሲባጎ ይበቃዎታል። «ሰው ላይ ይወድቃል»፣ «እንስሳው ወደ መንገድ ይሮጣል» ወይም «ዕቃው ይሰበራል» ከሆነ ገመድ ይያዙ።

ሲያበቃ ይፈቱታል ወይስ ይቆርጡታል? በየቀኑ የሚታሰርና የሚፈታ ነገር ገመድ ይፈልጋል። የሲባጎ ቋጠሮ አንዴ ከጠበቀ በጥፍርም በጥርስም አይፈታም፤ ስለዚህ ሲያስሩ መቀሱ ወይም ቢላው አብሮ ይታሰብ።

የሚያርፈው ምን ላይ ነው? አምስት ኪሎ ስኳር የያዘ ካርቶን በሲባጎ አንጠልጥሎ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሄደ ሰው መልሱን ጣቱ ላይ አለው። ሸክሙ ያው ሆኖ ማሰሪያው ሲቀጥን፣ ክብደቱ በጠባብ ቦታ ላይ ይሰበሰብና ይቆርጣል። ጣት ላይ የሚሆነው የጥጃ እግርና የለጋ ግንድ ላይም ይሆናል። በሲባጎ የታሰረ ዕቃ በእጅ መያዝ ካለብዎት አጭር ዱላ ያስገቡበትና ዱላውን ይያዙ።

3. ሥራውን ከማሰሪያው ጋር ያገናኙ

የጆንያ አፍ፦ ሲባጎ። የሚሰፉ ከሆነ በጆንያ መርፌ፣ የሚያስሩ ከሆነ ሁለት ዙር አጥብቀው።

የግንበኛ መስመር፦ ሲባጎ፤ እዚህ ገመድ ቢሰጡት እንኳ አይጠቅምም። ግንበኛው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚወጥረው ክር ቀጥተኛ መሆን አለበት። ገመድ በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ውፍረቱም የብሎኬቱን ጠርዝ በትክክል አያሳይም። ቀጭን የናይለን ሲባጎ ተለጥጦ ስለሚወጠር ለዚህ ይመረጣል።

የቲማቲም ችግኝ፦ የቃጫ ወይም የጁት ሲባጎ። በግንዱና በእንጨቱ መካከል እንደ ስምንት ቁጥር አጣምረው፣ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ላላ አድርገው ይሰሩት። ሰብሉ ሲያልቅ ከነግንዱ ብስባሽ ውስጥ ይጣላል። ፕላስቲክ ሲባጎ ግን ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል፣ አፈር ውስጥም አይበሰብስም።

በግና ፍየል፦ ቢያንስ 8 ሚሊ የሆነ ለስላሳ ገመድ። ለበሬ ከዚያ ወፈር ይበል። የገጠሩ ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያያይዝበት ምራን ከቆዳ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆዳ ጥንካሬን ከልስላሴ ጋር ያጣመረ ነው።

የመኪና ጭነት፦ ገመድ፣ ሁልጊዜ። የቀለለ ዕቃ ስለሆነ ብቻ አይዘናጉ። ፍራሽና ቆርቆሮ የሚመዝኑት ጥቂት ቢሆንም ነፋስ የሚይዙት እንደ ሸራ ነው።

የጉድጓድ ውሃ መቅጃ፦ ገመድ፣ ውፍረቱም 12 ሚሊ ገደማ። የ20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ ለጥንካሬው ብቻ ቢሆን ከዚያ የቀጠነም ይችለዋል። ወፍራሙን የሚፈልገው መዳፍዎ ነው።

የሰው ሕይወት፦ እዚህ ላይ ከሱቅ የገዙትንም ገመድ ያስቀምጡት። ትግራይ ውስጥ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ሰው 15 ሜትር ገደማ የሆነውን ገደል በቆዳ ገመድ ይወጣል። በእጁ ከሚይዘው ሌላ ግን ወገቡ ላይ የሚታሰር ሁለተኛ ገመድ አለ፤ ያንን ከላይ ያሉት መነኮሳት ይዘው ይስባሉ። በአንድ ገመድ ብቻ ነፍስን አለማንጠልጠል የቆየ ጥበብ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ማውረድ ወይም ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀለም መቀባት ለዚሁ የተሠራና የተመረመረ የደህንነት ገመድ፣ ከነሙሉ መታጠቂያውና ከሚያውቅበት ሰው ጋር ይፈልጋል።

4. ከምን እንደተሠራ ይለዩ

ገበያ ላይ የሚያብረቀርቀው ሁሉ «ናይለን» ይባላል፤ እውነተኛው ናይለን ግን ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ነው።

ቃጫ፦ ቋጠሮ ይይዛል፣ አይለጠጥም፣ ፀሐይም ቶሎ አያበላሸውም። ጠላቱ ውሃ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቋጠሮው ይቆለፋል፤ ሳይደርቅ ከተቀመጠም ይበሰብሳል። ዝናብ ሊመጣ ሲል የድንኳንን የቃጫ ገመድ ላላ ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ አለዚያ ሲያጥር ካስማውን ይነቅላል።

ጥጥ፦ ለእጅና ለእንስሳ አንገት ይመቻል፤ ጥንካሬው ግን ትንሽ ነው፣ እርጥበትም ያበሰብሰዋል።

ፖሊፕሮፒሊን፦ ሰማያዊው፣ ቢጫውና አረንጓዴው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ቀላል ነው፣ አይበሰብስም። ነገር ግን ያንሸራትታል፣ ቋጠሮውም ሊሾልክ ይችላል። ፀሐይ ላይ ከከረመ ይደርቅና እየተሰባበረ ይረግፋል።

ናይለን፦ በጣም ጠንካራና በጣም የሚለጠጥ ነው። ድንገተኛ መጎተትን ስለሚችል ለመኪና መጎተቻ ይሆናል። ሲበጠስ ግን እንደ ወንጭፍ ይወረወራል፤ በሚጎተት ገመድ አቅጣጫ ማንም ሰው አይቁም።

ፖሊስተር፦ ጥንካሬው ወደ ናይለን ይጠጋል፣ ልጠጣው አነስተኛ ነው፣ ፀሐይንም ይቋቋማል። ውጭ ለሚውል ቋሚ ሥራ ይህን ካገኙ ይምረጡት።

መለያው እንዲህ ነው። ቁራጩን በውሃ ባልዲ ውስጥ ጨምቀው አየሩን ካወጡለት በኋላ ይልቀቁት። ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፤ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ቀጥሎ ከአንዱ ጫፍ የተነቀለ ጥቂት ክር በፒንሳ ይዘው፣ ደጅ ላይ፣ ከሥሩ የሸክላ ሳህን አድርገው በክብሪት ይንኩት። ቃጫና ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትተው አመድ ይሆናሉ። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይድቦለቦላል። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ እጅዎን ያርቁ።

5. ውፍረቱን በልክ ይምረጡ

ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው እጥፍ ብቻ አይሆንም። ሸክሙን የሚይዘው የገመዱ ወርድ ስፋት ስለሆነ፣ 10 ሚሊ ገመድ ከ5 ሚሊው አራት እጥፍ ያህል ይችላል።

ጥቅሉ ላይ የመበጠሻ ክብደት ተጽፎ ካገኙ ያንን ያህል ይጫኑበት ማለት አይደለም። ለተራ ሥራ ከአሥር አንዱን ይውሰዱ፤ በ600 ኪሎ ይበጠሳል የተባለው 60 ኪሎ ይሸከምልዎት። የቀረው ለቋጠሮው፣ ለድንገተኛ ጉተታውና ለእርጅናው ነው። ቋጠሮ ብቻውን ከጥንካሬው ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይወስዳል፤ ገመዱ ቋጠሮው ሥር ስለሚታጠፍና የውጭው ጎን ብቻ ስለሚወጠር ነው። ሹል ጠርዝ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ገመዱ ብረት ላይ በሚያርፍበት ቦታ የጨርቅ ወይም የከመነዳሪ ቁራጭ ያስገቡ።

የልብስ ማስጫ ሲወጥሩም አንድ ስሌት ልብ ይበሉ። በሁለት ምሰሶ መካከል 5 ሜትር ገመድ አለ፣ መሃሉ ላይ 10 ኪሎ የሚመዝን እርጥብ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል እንበል። ገመዱ ግማሽ ሜትር ከረገበ በውስጡ የሚፈጠረው ውጥረት 25 ኪሎ ያህል ነው። በጣም ተወጥሮ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢረግብ ግን ውጥረቱ ወደ 125 ኪሎ ይደርሳል። ብርድ ልብሱ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የእኛ ማክረር ነው። ስለዚህ የልብስ ገመድ ትንሽ ይርገብ፤ መሃሉን በባላ እንጨት ይደግፉት።

6. ሁለት ቋጠሮ በደንብ ይወቁ

የመጀመሪያው ለእንስሳ አንገት የሚሆን፣ ቢጎተት የማይጠብ ቀለበት ነው። በሸምቀቆ የታሰረ በግ በጎተተ ቁጥር ራሱን ያንቃልና ይህን ይልመዱ።

ሀ. ከገመዱ ጫፍ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ገባ ብለው ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፤ የጫፉ ወገን ከዋናው ገመድ በላይ ይለፍ።
ለ. ጫፉን በእንስሳው አንገት ያዙሩና፣ ከሥር ወደ ላይ በትንሿ ቀለበት ያውጡት።
ሐ. ጫፉን ከዋናው ገመድ በስተኋላ ያዙሩት።
መ. ተመልሰው በዚያችው ቀለበት ከላይ ወደ ታች ያስገቡት።
ሠ. ጫፉን ከአጠገቡ ካለው የአንገት ገመድ ጋር ይዘው ዋናውን ገመድ በሌላ እጅ ይሳቡ፤ ይጠብቃል።

ከጫፉ ቢያንስ አንድ ጋት ይትረፍ። በአንገቱና በገመዱ መካከል ሁለት ጣት መግባቱን ያረጋግጡ። ገመዱ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ከሆነ በተረፈው ጫፍ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ይደግሙበት።

ሁለተኛው ለመኪና ጭነት ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ በፖርቶመጋላው አንድ ጎን በደንብ ይሰሩ። ገመዱን ከዕቃው በላይ አሳልፈው በሌላው ጎን ያውርዱ። ከብረቱ ከፍ ብሎ በገመዱ ወገብ ላይ የማይሾልክ ቀለበት ይቋጥሩ። የቀረውን ጫፍ ከብረቱ ሥር አዙረው ወደ ላይ በቀለበቱ ያስገቡና ወደ ታች ይሳቡ። ቀለበቱ እንደ መዘውር ስለሚያገለግል ከጉልበትዎ በላይ ያጠብቃል። የሳቡትን በጣት ቆንጥጠው ይዘው፣ ከቀለበቱ ሥር በሁለት ዙር ይቋጩት። አሥር ደቂቃ ያህል ከነዱ በኋላ ቆመው እንደገና ያጥብቁ፤ ጭነት መንገድ ላይ ይላላል።

7. የገመዱን ጫፍ በሲባጎ ይጠምጥሙ

የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ካልተያዘ ግምዶቹ እየተፈቱ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ፕላስቲኩን በእሳት አቅልጦ መዝጋት ይቻላል፤ ቃጫና ጥጥ ግን የሚዘጉት በሲባጎ ነው። አንድ ክንድ ያህል ቀጭን ሲባጎ ይያዙ።

ሀ. ሲባጎውን አጥፈው እጥፋቱ ወደ ገመዱ ጫፍ እንዲያይ በገመዱ ላይ ያስተኙት።
ለ. በረጅሙ ወገን እጥፋቱንና ገመዱን አንድ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ጫፍ፣ አጥብቀው ጎን ለጎን ይጠምጥሙ።
ሐ. የጥምጥሙ ወርድ ከገመዱ ውፍረት በለጥ ሲል፣ የሲባጎውን ጫፍ በተረፈችው እጥፋት ውስጥ ያስገቡ።
መ. ሥር ላይ የቀረውን ሌላውን ጫፍ ይሳቡ። እጥፋቷ ጫፉን ይዛ ወደ ጥምጥሙ ሥር ትገባለች። መሃል ስትደርስ ያቁሙ፤ ካለፈች ጥምጥሙ ይፈታል።
ሠ. በሁለቱም በኩል የተረፈውን ሲባጎ ከሥሩ ይቁረጡ።

8. ይመርምሩ፣ ያድርቁ፣ ጡረታ ያውጡ

ገመዱ ከረጠበ ጥላ ሥር ዘርግተው ያድርቁ፤ ከዚያ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ ምስማር ላይ ይስቀሉ። የባትሪ አሲድ፣ በረኪናና ነዳጅ አጠገብ አያስቀምጡ። በሚጠቀልሉበት ጊዜ በመዳፍዎ እያሳለፉ ይዳስሱት፤ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊበሰብስ ስለሚችል በየተወሰነው ርቀት ግምዶቹን በትንሹ ከፈት አድርገው ይዩ። ብናኝ ከረገፈ፣ ሻጋታ ከሸተተ፣ ፈትሎች ከተበጠሱ ወይም አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከቀጠነ፣ ሸክም የሚያነሣበት ጊዜ አብቅቷል። ሌላ ሰው ሳያውቅ አንሥቶ ጭነት እንዳያስርበት ያን ዕለት ይቆራርጡት።

የቃጫ ገመድ ከሆነ ግን ቁራጮቹን አይጣሉ። ያልበሰበሰውን ክፍል ይምረጡና በመጀመሪያው እርምጃ እንዳደረጉት በተቃራኒው አዙረው ሦስቱን ግምዶች ይለያዩዋቸው። ውፍረታቸው ከበዛ እያንዳንዱን ወደ ፈትሉ ይክፈሉት። ለቲማቲሙ፣ ለጎመኑ እስርና ለማዳበሪያው አፍ የሚሆን ሲባጎ አገኙ ማለት ነው። ጭነት ባይችልም ችግኝ ለመደገፍ አያንስም።